ስድስት እንግዳ፣ አንድ ደን፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የዱር እንስሳት ጉብኝት ለመጀመር ላሰቡ

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግኩት ቡራዩ ነው። ቅዳሜና እሁድ ስድስት ወይም ስምንት ሰው እየያዝኩ የዱር እንስሳትና ወፎች ማስጎብኘት እፈልጋለሁ። ያሰብኳቸው ቦታዎች መናገሻ ሱባ፣ ገፈርሳ፣ ሱሉልታ፣ በርጋ እና ደብረ ሊባኖስ ናቸው። ማታ ማታ ለጅብ ሥጋ እየጣልክ ብታሳይ ብዙ እንግዳ ታገኛለህ ያሉኝም አሉ። ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ ተፈጥሮን የሚጎዳ አይመስለኝም። ከትርፌ 10 በመቶውን ለተፈጥሮ ጥበቃ ለመስጠት ወስኛለሁ። ሐሳቤ ያዋጣል? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ያዋጣል። አካሄዱ ግን መቀየር አለበት። ከዘረዘሯቸው አምስት ቦታዎች አንዱን ብቻ ይያዙ። የጅቡን ነገር ይተዉት። «ከትርፌ 10 በመቶ» የሚለውንም ያስተካክሉት፤ እንዳለ ከቀጠለ ለማንም የማይደርስ ቃል ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ «ቡድኑ ትንሽ ነውና አይጎዳም» የሚለውን እንየው። ቡድን ማነሱ ጥሩ ነው። ግን ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። ለእንስሳው የሚለየው የሰዉ ቁጥር ብቻ አይደለም። በስንት ቀን አንዴ መጡ? በምን ሰዓት? በየት በኩል? መጥተውስ ምን አደረጉ? በወር አንዴ መጥቶ ከመንገዱ ሳይወጣ የሚመለስ ሃያ ተማሪ፣ በየቀኑ ስድስት ሆኖ ጎጆ ድረስ ከሚጠጋ ቡድን ያነሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ወፏ ከእንቁላሏ ላይ በተነሳች ቁጥር እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። የደጋን የማለዳ ብርድ እርስዎም ያውቁታል። ጎጆው ባዶ መሆኑን ደግሞ ቁራ ቶሎ ያያል። እንግዳዎ አንድ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ የዚያ ዓመት ጫጩት ግን ላይፈለፈል ነው።

በስልክ የወፍ ድምፅ እያጫወቱ መጥራትም እንደዚሁ ነው። ብዙ አስጎብኚዎች ይህን እንደ ሙያ ያዩታል። ወንዱ ወፍ ድምፁን ሲሰማ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ይወጣል። እንግዳው ይደሰታል። ወፉ ግን የሚመገብበትንና ጎጆውን የሚጠብቅበትን ጊዜ ከሌለ ጠላት ጋር ሲታገል ያባክናል። አንድ ቦታ ላይ በየሳምንቱ ከተደጋገመ ደግሞ ቦታውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። የእርስዎ እንግዶች በየሳምንቱ አዲስ ናቸው፤ ወፉ ግን ያው አንዱ ወፍ ነው። ስለዚህ ስልክ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። የርቀቱ መለኪያም ቀላል ነው። ይመገብ የነበረው እንስሳ ቀና ብሎ እናንተን ማየት ከጀመረ፣ ቀድሞውኑ ከሚገባው በላይ ቀርባችኋል። ያኔ ወደ ኋላ መመለስ እንጂ «ትንሽ ብቻ ጠጋ እንበል» የለም።

በርጋን ከዝርዝርዎ ያውጡት። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው ያ ረግረግ፣ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትባለው ወፍ በዓለም ላይ እንደምትራባባቸው ከሚታወቁት እጅግ ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም። ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ላይ ናት። በመላው ዓለም ያሉት ለአቅመ መራባት የደረሱ ወፎች ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል። የምትመጣው በክረምት ነው። የምትራባው ረጅም ሣር መሐል መሬት ላይ ነው፤ በቀላሉም አትታይም። እሷን ለማየት ያለው መንገድ ሣሩን እየረገጡ ማስነሳት ነው። ያ ማለት ደግሞ ጎጆ መርገጥ ማለት ሊሆን ይችላል። ብርቅዬ ናትና ብዙ ገንዘብ የሚከፍል እንግዳ ይመጣል፤ አውቃለሁ። ለዚህም ነው አጥብቄ የምከለክልዎ።

ይልቅ ከበርጋ የሚማሩት ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከደቡብ አፍሪካ ወዳጆቹ ጋር ሆኖ ወፏን ለመጠበቅ ሲነሳ፣ ዝም ብሎ አጥር አላጠረም። ከአካባቢው ገበሬ ጋር ተቀመጠ። ትምህርት ቤት እንዲሠራ አገዘ። ወፏን የሚጠብቅ ቡድንም ከዚያው ከነዋሪው ተቋቋመ። ገበሬው ሣሩን የሚያጭደው እሱ ነው፣ ከብቱን የሚያሰማራውም እሱ ነው። ረግረጉ የሚተርፈው ገበሬው «ይትረፍ» ሲል ብቻ ነው። ለእርስዎም ጉብኝት ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው። ተፈጥሮን የሚጠብቀው እዚያው አድሮ የሚነጋለት ሰው ነው። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ለዚያ ሰው ጥበቃው እንዲያዋጣው ማገዝ ነው።

አሁን ወደ ጅቡ። ሐረር ላይ ለጅብ ማብላት የራሱ ታሪክና የራሱ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። እሱን አንስቶ ቡራዩ ወይም ሰበታ ላይ መትከል ግን አይቻልም። ጅብ የለመደበት ቦታ ይመላለሳል። ቅዳሜ ማታ ሥጋ ካገኘ ሰኞም ይመጣል። ሰኞ እርስዎ የሉም። ያለው የጎረቤት አህያ፣ የታሰረ በግ፣ ወይም በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ትግራይ ውስጥ የተሠራ ጥናት ይህንን በደንብ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ ውስጥ ያለውን ፀጉር እየለዩ የሚበላውን አጠኑ። በዐቢይ ጾም ሰው ሥጋ ሲያቆምና የእርድ ትርፍራፊ ሲቀንስ፣ ጅቦቹ ወደ አህያ ዞረው ተገኙ። ሰው የሚሰጠው ምግብ ሲቋረጥ ጅብ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም ማለት ነው። እንግዳ በሚጠፋባቸው የክረምት ወራት የእርስዎም ማብላት ይቋረጣል። ያኔ የሚከፍለው ምስኪኑ ባለ አህያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተለውን መገመት አይከብድም። አንድ የተናደደ ሰው በድን ላይ መርዝ ያደርጋል። መርዙ ጅቡ ላይ አይቆምም። ውሻውንም፣ ጥንብ አንሳውንም ይጨርሳል። ከተማችን ዙሪያ የምናያቸው አንዳንድ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ራሳቸው ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ማብላት የለም። ድርድርም የለውም።

ሌሎቹን ቦታዎች ባጭሩ ልለፋቸው። ገፈርሳ የከተማው የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው፤ ጥበቃ አለው። ወፎቹ ድንቅ ናቸው፤ ጋጋኖና ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይታያሉ። ነገር ግን ያለ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ካሜራና ባይኖኩላር ይዘው አጥሩ አጠገብ መቆም ለእርስዎም ለእንግዶችዎም ጣጣ ነው። ደብረ ሊባኖስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ከዚያ የሚሻል ቅርብ ቦታ የለም። አጥንት ከሰማይ እየለቀቀ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም ገደሉ ላይ ያንዣብባል። ግን የቀን ሙሉ መንገድ ነው፤ ነዳጁም ትርፍዎን ይበላዋል። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ፣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ልዩ ጉዞ አድርገው ይያዙት። እዚያ ሲሄዱ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ጭላዳ የሚኖረው በሣር ነው። እንግዳ ዳቦና ሙዝ ካስለመደው ሰው መፍራቱን ያቆማል። ቀጥሎ የሚሄደው የገበሬው ገብስ ውስጥ ነው። ድንጋይ የሚወረወርበትም እዚያ ነው።

ሱሉልታ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማይረዳው ቦታ ስለሆነ። ሜዳውን በመኪና የሚያልፍ ሰው ባዶ ሣር ነው የሚያየው። ባዶ አይደለም። አንገቷ እንደ እርድ ቅመም ቢጫ ሆኖ የሚያበራው የሐበሻ ሎንግክሎ የተባለችው ወፍ እዚያ ናት። ጅራቷን እየቆላች ቦይ ለቦይ የምትራመደው ሩዤ ሬይል የተባለችው ወፍም፣ ሰማያዊ ክንፍ ዝይም እዚያ አሉ። ይህ ሜዳ እስከዛሬ ሜዳ ሆኖ የቆየበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ድርቆሽ ነው። ገበሬው ሣሩን ክረምቱን ሙሉ ከልሎ ያሳድገዋል፣ ዝናቡ ሲያባራ አጭዶ ለከተማው ባለ ከብት ይሸጣል። የወፎቹ ቤት የቆመው በድርቆሽ ገቢ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ያ ገቢ አሁን ከመሬት ዋጋ ጋር መወዳደር አቅቶታል። ቤት፣ መጋዘንና ፋብሪካ ሜዳውን ከየአቅጣጫው እየገፉት ነው። ስለዚህ እንግዳ ይዘው ሳይታጨድ ሣሩ ውስጥ ከገቡ የሚረግጡት የሰው ሰብል ነው። በዳር በኩል፣ በከብት መንገዱ ብቻ ይሂዱ። ባለ ሣሩን አስቀድመው ያናግሩ። «ለተፈጥሮ ጥበቃ» ብለው እዚያ ሜዳ ላይ ችግኝ መትከልም አያስቡ። የሣር ሜዳ ወፍ ዛፍ አይፈልግም። ባሕር ዛፍ ከሆነማ ውሃውንም ይመጠዋል። ችግኝ መትከል በየቦታው ደግ ሥራ አይደለም።

የምመክርዎ መናገሻ ሱባን ነው። ምክንያቴ ደኑ ቆንጆ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከሁሉም በላይ እንግዳን መሸከም የሚችል፣ መንገድ ያለው፣ የሚያስተዳድረውም አካል የሚታወቅ ቦታ ስለሆነ ነው። የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው ያለው። ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። በአፍሪካ በሰው ውሳኔ ተከልለው ከቆዩ ደኖች ሁሉ ቀዳሚ ነው የሚሉት አሉ። ከታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ያገኛሉ። ወደ ላይ ሲወጡ ኮሶ፣ ከዚያም አስታ ይቀበልዎታል። አንድ እግረኛ በአንድ ጠዋት ሦስት ዓይነት ደን ያያል።

እንስሳቱም የሚታመኑ ናቸው። ጉሬዛ ብዙ ጊዜ ይታያል። ማለዳ ለደረሰ ዝም ባይ ቡድን የምኒልክ ድኩላ ይወጣል፤ ወንዱ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረው ግንባሩ ቢጫ በቀቀን እዚያ አለ። ሶሪት ስትበር የክንፏን ቀይ ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ ወፍ አይንቅም። በማስታወቂያዎ ላይ ግን «ነብር እናያለን» ብለው እንዳይጽፉ። በቃ «ደን ውስጥ በእግር እንሄዳለን፣ የሚታየውን እናያለን» ይበሉ። ቃል የተገባለት እንግዳ እንስሳ ካላየ አስጎብኚውን ያስጨንቃል። የተጨነቀ አስጎብኚ ደግሞ ከመንገድ ይወጣል፣ ድምፅ ያጫውታል፣ ድንጋይ ይወረውራል። ብዙ ጥፋት የሚጀምረው ማስታወቂያ ላይ ነው።

አሠራሩን እንዲህ ያድርጉት። እንግዳ ከስድስት አይብለጥ። ስምንት ሲሆን ሰልፉ ይረዝማል፣ ከኋላ ያለው አይሰማም፣ ስለማይሰማም ማውራት ይጀምራል። ሁለት የአካባቢ አስጎብኚ ይኑር፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ከከተማ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይውጡ። በሰበታ በኩል ያለው የመጨረሻው መንገድ ጥርጊያ ነው፤ ክረምት ላይ ሚኒባስ ይይዘዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ጊዜ ጭራሽ ቢዘጉት እመርጣለሁ። መንገዱም ያርፋል፣ እንስሳውም ያርፋል። ከመስከረም በኋላ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች ስለሚጨመሩ እስከ መጋቢት ድረስ ያለው ጊዜ ሀብታም ነው። ከቆላ ወይም ከውጭ በቅርቡ የገባ እንግዳ ከፍታው እንደሚያደክመው አስቀድመው ይንገሩት። ባይኖኩላር ሁለት ሦስት የራስዎ ይኑርዎት። የውጭ እንግዶች የያዙት ኤርፖርት ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጉንፋን የያዘው ሰው ጉሬዛ አጠገብ አይቅረብ፤ የእኛ በሽታ ለእነሱም ይተርፋል።

አሁን ገንዘቡ። «ከትርፌ 10 በመቶ» የሚለው ላይ ችግሬ ትርፍ የሚለው ቃል ነው። ትርፍ መጨረሻ ላይ የሚቀር ነገር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ላይቀርም ይችላል። ደኑ ግን የመጀመሪያውን ዓመትም ሲረገጥ ነው የሚከርመው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እንያቸው፤ በራስዎ ዋጋ ይተኳቸው። ስድስት ሰው በነፍስ ወከፍ 4,000 ብር ቢከፍል 24,000 ይሆናል። መኪናና ነዳጅ 9,000 እንበል። ሁለት አስጎብኚ 2,000። እርስዎንና ሾፌሩን ጨምሮ ለአሥር ሰው ምሳ በ300 ሒሳብ 3,000። መግቢያ በሰው 250፣ በጠቅላላው 1,500። ለጥበቃው በእንግዳ 400፣ ማለትም 2,400። የሚቀርዎ 6,100 ብር ነው። ከዚያ ላይ ግብር፣ ስልክ፣ ማስታወቂያና ሰው የቀረበት ቅዳሜ ይቀነሳል። አራት ሰው ብቻ ቢመጣ ሒሳቡ ዜሮ ላይ ይቆማል። ሦስት ከሆነ 3,050 ብር ከኪስዎ ያወጣሉ። ስለዚህ ቢያንስ አራት ሰው ካልተመዘገበ ጉዞ የለም። ይህንን ለእንግዳ አስቀድመው ይንገሩ።

የጥበቃው ብር ልክ እንደ መግቢያ ክፍያ መታሰብ አለበት። ከእያንዳንዱ እንግዳ የታወቀ መጠን፣ ከሁሉ በፊት የሚቀነስ፣ ያተረፉበትም የከሰሩበትም ቀን የሚከፈል። ደረሰኝ ላይ ለብቻው ይጻፍ። እንግዳው የከፈለውን ሲያውቅ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ለእርስዎ ጥሩ ነው።

ለማን ይሰጥ? ለአንድ ግለሰብ አይስጡ። ጥሩ ሰው ቢሆን እንኳ አይስጡ። መናገሻን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ስለሆነ ያለ እሱ እውቅና አንድ እርምጃ አይሂዱ። ከዚያ በደኑ ዳር ካለው ቀበሌ የተደራጀ ማኅበር ይፈልጉ። የደን ማኅበር ሊሆን ይችላል፣ የወጣቶች ወይም የሴቶች ማኅበርም ሊሆን ይችላል። ሕጉም ለዚህ በር ከፍቷል። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል፣ አሳታፊ አስተዳደርንም ይደግፋል። ጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደን ይህ አሠራር በአገራችን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ቀን ሄደው አባላቱን ያነጋግሩ። ከአዲስ አበባ ብዙ አይርቅም። በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ሣር ምድርም አለ። አባቶች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ በሥርዓት ከፍተው ያጭዱ ነበር። ቀይ ቀበሮው ዛሬ ድረስ እዚያ የቆየው ያ ሥርዓት ስለነበረ ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሲፈርስ ጉዳቱን ራሳቸው ነዋሪዎቹ አዩት፣ መልሰውም በደንብ ተደራጁ።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ውስጡ የሚገቡትን ልንገርዎ። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጡ። በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ። የትኞቹ ወራት ዝግ እንደሆኑ። አስጎብኚዎቹ በተራ እንደሚሠሩ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ጅምር የሞተው በሱ ነው። እንግሊዝኛ የሚናገር አንድ ጎበዝ ልጅ ይገኛል፣ ሥራው ሁሉ ለሱ ይሆናል፣ ሌላው ይቀየማል። የተቀየመ ጎረቤት ደግሞ ዛፉን ለምን ይጠብቃል? ምሳውን የሚያዘጋጁት ሴቶችም ገንዘባቸውን በራሳቸው እጅ ይቀበሉ፤ በባል ወይም በሊቀመንበር በኩል አይሁን። እነሱ ናቸው ደን ውስጥ ጭራሮ የሚለቅሙት። አንድ ቀን የሽሮና የዳቦ ገቢ አንድ ሸክም እንጨት ካስቀረ ያ ጥበቃ ነው። የጥበቃው ብር በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ሦስት ፈራሚ ይኑረው። ስንት እንደገባና ምን ላይ እንደዋለ በየሦስት ወሩ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ይነበብ። በምን ላይ እንደሚውል እነሱ ይወስኑ። አስተያየት ከጠየቁዎት ግን «በዚህ ክረምት ይህን ያህል ሺህ ችግኝ» ከሚል ይልቅ ቀድሞ የተተከለውን አገር በቀል ችግኝ ከከብት መጠበቅ እንደሚሻል ይንገሯቸው። ዝግባና ኮሶ ዕድገታቸው ረጅም ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ጠባቂ ነው።

ፈቃድን በተመለከተ ብዙ ሰው «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው» ብሎ ይዘናጋል። ሰው በክፍያ ማስጎብኘት ንግድ ነው። የንግድ ፈቃድና ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋል። መስፈርቱ ስለሚሻሻል ቢሮው ሄደው የወቅቱን ዝርዝር ይውሰዱ። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ አሁን በሸገር ከተማ ሥር መሆናቸውንም አይርሱ። የአዲስ አበባ ወረቀት ይዘው እዚያ ቢሄዱ «የኛን አምጣ» መባልዎ አይቀርም። በሥራ ላይ ያለውን የዱር እንስሳት አዋጅም አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ያንብቡት። የመጀመሪያውን ዓመት ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ድርጅት ጋር ተዋውለው በሱ ሥር ቢሠሩ ወጪውም ስጋቱም ይቀንሳል። የተሳፋሪ መድን የሌለው መኪና አይከራዩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም። ከመውጣትዎ በፊት በነበረው ምሽት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውለው መንገዱ ሰላም መሆኑን ያጣሩ። ትንሽ ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቅር፣ የእንግዳው ገንዘብ ይመለስ።

ጉብኝት የማይችለውን ነገርም በግልጽ ልናገር። ስድስት እንግዳ የመሬት ዋጋን አያሸንፍም። አንድ ባለሀብት ሜዳውን ልግዛ ብሎ ሲመጣ የእርስዎ 2,400 ብር ከቁጥር አይገባም። ቆሻሻ ወንዝን አያጠራም። ስለዚህ ለእንግዳ «ይህንን ደን እያዳናችሁት ነው» አይበሉ። ማድረግ የሚችሉት ሌላ ነገር ግን አለ፤ እኔ በግሌ ከገንዘቡ እኩል የማየው። በየሳምንቱ አንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ተረኛው አስጎብኚ የሚያየውን መመዝገብ። ምን ወፍ፣ ስንት። ስንት ጉሬዛ። ስንት አዲስ ጉቶ። ስንት ከብት ደን ውስጥ። አሥራ ሁለት ገጽ ደብተር ይበቃል ለመጀመር። የወፎቹን ቁጥር ኢበርድ የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ይጫኑት። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አላት፤ ተከታታይ ቆጠራ ያለው ቦታ ግን በጣም ጥቂት ነው። በጥር የሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራ ላይም አስጎብኚዎችዎን ይዘው በበጎ ፈቃድ ይግቡ፤ በነፃ ይማሩበታል። መንገድ ወይም የድንጋይ ካባ በዚያ በኩል ሊያልፍ ነው ሲባልና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሲጠየቅ፣ ቀን ያለው መዝገብ የያዘ ማኅበር ይሰማል። «ድሮ ብዙ ነበር» የሚል ሰው ግን አይሰማም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት መናገሻ ሱባ ብቻ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ፣ ሁለቱንም አይደለም። ስድስት ሰው፣ በእግር፣ በቀን፣ ያለ ማብላት፣ ያለ ድምፅ ማጫወት። ከእያንዳንዱ እንግዳ የታወቀ የጥበቃ ክፍያ። መጀመሪያ ማኅበሩን፣ ቀጥሎ ፈቃዱን፣ የፌስቡክ ገጹን መጨረሻ ላይ። ዓመቱ ሲሞላ ደብተሩን ከማኅበሩ ጋር ቁጭ ብለው ያንብቡት። ድኩላው ከመንገዱ እየራቀ ከሄደ የጉዞ ቀኑን ቀንሱ ወይም መንገዱን ቀይሩ። አዲስ ጉቶ እየጨመረ ከሆነ ገንዘቡ ለሚገባው ሰው አልደረሰም ማለት ነውና ክፍፍሉን እንደገና ይነጋገሩበት። ማኅበሩ «ይብቃን» ካለ ደግሞ ያን ሳምንት የተመዘገቡትን እንግዶች ገንዘብ መልሰው ያቁሙ።